የሟቹ ሃስኬል ፈቃድ

ከጭቃ ውስጥ ጫማው ሳይቆሽሽ የሚወጣን ሰው አትመኑ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ትምህርት ቤትና እኔ የተለያየነው ሁለታችንም ደስ ብሎን ነው። ይህን ግን አውቃለሁ። በእኛ መንደር፣ በታች ብሬድል፣ ጭቃ ማለት እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳይነካህ አያሳልፍህም።

ነጩ የአጥር አበባ በፈነዳ ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሚስተር ፐርስሎ የሚባለውን ሰውዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆሞ አገኘነው። ረቡዕ የዘገምተኞች፣ ቀስ እያልን በእግር የምንጓዝ የሽማግሌዎች ማኅበር፣ ቀን ነው። ጉልበቱ ያረጀ፣ ምላሱ ያላረጀ ሁሉ ይመጣል። ቴልማ ትመራናለች። ቴልማ ድሮ አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር፤ እስከ ዛሬም ዞር ሳትል ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ታውቃለች። ከቤተ ክርስቲያን ተነስተን፣ ረጅሙ መስክ የሚባለውን ሜዳ አቋርጠን፣ ወንዙ ዳር ወፍጮ ቤቱ ጋ እንደርሳለን። እዚያ እህቴ ሜቪስ ሻይ አፍልታ ትጠብቀናለች። አቀበት የለውም፣ ቁልቁለት የለውም። እንዲያውም አንድ ክፉ ክረምት ሜዳው ከልክ በላይ ከመስተካከሉ የተነሳ፣ የዝናቡ ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ግራ ገብቶት ቆሞ መንገደኛ ይጠይቅ ነበር።

ያን ሰሞን ግን መንገዳችን አደጋ ላይ ወድቋል። መስኩን ይዞ የኖረው ሽማግሌው ሃስኬል ሞተና ተርልቢ የሚባል የከተማ ሀብታም እርሻውን ገዛ። ገና ሻንጣውን ሳይፈታ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ የግል ይዞታ፣ ከመከር በኋላ ማለፍ ክልክል ነው። መንገዱ ደግሞ በመንግሥት ካርታ ላይ አልተሳለም፤ የሳልነው በእግራችን ነው። መንደሩ አቤት አለ፤ በጥቅምት ከመንግሥት መርማሪ ተልካ ልትሰማን ቀጠሮ ተያዘ።

ለሌሎቹ ዘገምተኞች ነገሩ እልህ ነበር። ለሜቪስ ግን የቤት ጉዳይ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ወደ መንደር የሚያስገባው አንዱ መንገድ የወተት መኪና የሚበርበት፣ የእግረኛ ዳር የሌለው አስፋልት ነው። ሌላው ፍየል እንኳ ቆማ የምታስብበት ኮረብታ ነው። የሜቪስ ጉልበት ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ልጇ ኮቨንትሪ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል አይቶላት፣ "መንገዱ ከተዘጋ ትገቢያለሽ፣ አበቃ" ብሏታል። እህቴ ከሄደች እኔም ከሰዓት በኋላ ሄጄ የምሰደብበት ቤት አይኖረኝም።

"ሚስተር ፐርስሎ ይባላሉ" አለች ቴልማ። "በቅርብ ነው ጡረታ የወጡት። ኬክ ይዘው መጥተዋል።"

ኬኩ የዝንጅብል ነበር። ዘገምተኞች ደግሞ በዝንጅብል ኬክ የሚገዙ ሕዝብ ናቸው። በሩን ሳናልፍ ወደዱት።

እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁት። መንገደኛ ሰው ምን ያያል? ወፍ ያያል፣ ደመና ያያል፣ የሰው ጓሮ ያያል፤ በተለይ የሰው ጓሮ። ፐርስሎ የሚያየው የበር ማጠፊያ ነበር። አጥር የምንሻገርበትን እንጨት በጥፍሩ ይፍቃል። የአንዷን አሮጊት ቦርሳ ተሸከመላትና ጎን ለጎን እየሄደ ይጠይቃታል።

"ብዙ ጊዜ ነው እዚህ የሚመላለሱት?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ!"

"የከለከለዎት ሰው አልነበረም?"

"ማን አባቱ ይከለክለኛል?"

"የፈቀደልዎትስ?"

ይህችን የመጨረሻዋን ሲጠይቅ ድምፁ እንደ ድመት መዳፍ ይለሰልሳል። አሮጊቷ "ማንም!" አለችው። እሱም ቦርሳዋን መለሰላትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ልፈትነው አልኩ። አጥሩ ላይ የተቀመጠ ቁራ አሳየሁት።

"ይሄ የሻይ ቁራ ይባላል። ሻይ ካልተቀዳ አይጮህም።"

"እንዴት ደስ ይላል" አለ።

እውነተኛ መንገደኛ ቢሆን እስከ ወንዙ ድረስ ይጨቃጨቀኝ ነበር። በእኛ አገር ስለ ወፍ የማይጨቃጨቅ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይዟል። ትንሽ ሄድ ብለን ጥጃዋን የምታጠባ ላም አሳየሁት። "ከዚህ በሬ ይጠንቀቁ። አምና የቄሱን ባርኔጣ ከበላ ወዲህ እሁድ እሁድ መዝሙር ይሞክረዋል።" ግቷን አየ፤ እኔን አየ።

"መጠንቀቅ ነው" አለና አለፈ።

ቴልማን እጅጌዋን ይዤ ወደኋላ አስቀረኋት።

"ይሄ ሰውዬ መንገደኛ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ሰላይ ነው። የተርልቢ ሰላይ።"

ቆመች። ቴልማ ስትቆም ሰልፉ ሁሉ ይቆማል።

"ዊልፍ፣ አምና ቄሱን የሩሲያ ሰላይ ናቸው አላልክም?"

"እሱ ለጨዋታ ነው።"

"ፖስታ የሚያድሉትን መንትዮች ደግሞ 'አንድ ሰው ነው፣ ቶሎ ቶሎ እየሮጠ ነው' አላልክም? እኔ ሞኟ ሁለቱን ባንድ ላይ ለማየት መስኮት ሥር ተተክዬ አልሰነበትኩም?"

"ይሄኛው እውነት ነው!"

"ያኛውም ስትነግረኝ እውነት ነበር። ሂድ ኬክህን ብላ።"

ሻይ ተጠጣ፤ ሜቪስም ፐርስሎን ወደደችው፤ ሲኒውን ራሱ አጥቦ መለሰላታ። ከዚያ "እኔ በዚህ በኩል ዞር ዞር ልበል" ብሎ ብቻውን ወጣ። እኔም ወጣሁ። እሱ በመስኩ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲያ። ጎንበስ ብዬ ስከተለው ሳማው ሱሪዬን አልፎ ከቆዳዬ ጋር ተዋወቀ፤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ሰውዬው ዞር ዞር አላለም። ቀጥ ብሎ የተርልቢ ግቢ ገባ።

ተርልቢ ባሮን የሚባል ውሻ አለው። ባሮን ከፖስታ አዳዮቹ አንዱን ነክሷል፤ ሊያክመው የመጣውን የእንስሳት ሐኪም ነክሷል፤ ተርልቢንም አንዴ ሞክሮታል ይባላል። ያ ውሻ እየበረረ መጣና ፐርስሎ እግር ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ሰጠው። ፐርስሎም ቤቱ እንደገባ ሰው፣ ወደ ታች እንኳ ሳያይ አከከለት። ከዚያ የጓሮውን በር ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ።

ወፍጮ ቤት የደረስኩት ትንፋሼ ተቆራርጦ ነው።

"ሜቪስ፣ ባሮን ሆዱን ሰጠው!"

"ለማን?"

"ለፐርስሎ! ተርልቢ ጓሮ!"

"ኬክ የቆረሰ እጅ ነው" አለች፣ ድስቷን እየፈተገች። "ውሻ ዝንጅብል አይጠላም።"

"ሳያንኳኳ ገባ እኮ ነው የምልሽ!"

"አንተስ መቼ አንኳኩተህ ታውቃለህ? ሰላይ ነህ?"

"በእናታችን!"

"እናታችንን ተዋት። 'ዊልፍ ሞተ ቢሏችሁ እንኳ፣ ሄዳችሁ ሳታዩ እንዳታለቅሱ' ብላ አይደል የሞተችው? እግርህን ከምንጣፌ አንሳ።"

እንግዲህ ብቻዬን ቀረሁ። ሰውዬው ረቡዕ በመጣ ቁጥር ዓይኔን አልነቀልኩበትም። አንዴ ስኮን የሚባለውን ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ፣ አንዴ የእንቁላል ሳንድዊች ይዞ ይመጣል፤ የሁሉንም ጉልበትና የልጅ ልጅ ስም ያውቃል፤ ዞሮ ዞሮ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ያርፋል። የፈቀደልዎትስ? ማንም። የፈቀደልዎትስ? ማንም። አሃ! አልኩ በሆዴ። ይሄ ሰው መርማሪዋ ፊት ቆሞ "እነዚህ ሰዎች ማንም ሳይፈቅድላቸው የሰው መሬት ሲረግጡ የኖሩ ወሮበሎች ናቸው" ሊል ነው። እንግዲያው የሚያስፈልገን ፈቃድ ነው። የሚያስፈልግ ነገር ከጠፋ ደግሞ እኔ እሠራዋለሁ።

ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ሃስኬል በዕድሜው ለማንም ምንም ፈቅዶ አያውቅም፤ ከልክሎም አያውቅም። በመስኩ ስናልፍ እንደ ጭጋግ አሻግሮ ነበር የሚያየን። ሰላምታ እንኳ ከእሱ አፍ ከወጣ ተመልሶ ይገባል።

በሚቀጥለው ረቡዕ መስኩ መሀል ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ፐርስሎን አስቀመጥኩት። ሌሎቹ ቀድመውናል።

"ስለ ሃስኬል የነገረዎት ሰው አለ?" አልኩት።

"ብዙም አይደለም።"

"እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለዎት! በየአዲስ ዓመቱ ጠዋት፣ በረዶ ይሁን ዝናብ፣ እዚያ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። መንደርተኛው ይሰለፋል። አንድ በአንድ እጃችንን ይጨብጥና 'ዘንድሮም በመስኬ እለፉ፣ በፈቃዴ ነው' ይለናል። ውሾቹንም ይጨብጣል። አንድ ዓመት እጁ ቢቆስል በግራው ጨበጠን።"

ፐርስሎ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና በመካከላችን አስቀመጠው።

"እንዲህ ያለ ታሪክ መጥፋት የለበትም። ድምፅዎን ልቅዳው?"

"ይቅዱት!"

"'በፈቃዴ ነው' ነው ያሉት?"

"'በፈቃዴ! በመልካም ፈቃዴ!'"

"በየዓመቱ?"

"አንድም አላጓደለ።"

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት። ለአንድ ሰው ብዙ ጥርስ ነበር።

"ይህንን በሰው ፊት ይደግሙታል?"

"ንጉሡ ቢመጡም!"

እየዘለልኩ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ሌሎቹ ሄደው ቴልማና ሜቪስ ብቻ ናቸው ወጥ ቤት ያሉት። ሰላዩን እንዴት አፉን እንዳስያዝኩት ከነ ውሾቹ ተረኩላቸው። ስጨርስ የሳቀ የለም። ቴልማ ሲኒዋን አስቀመጠች።

"ፈቃድ ብለህ ነገርከው?"

"መልካም ፈቃድ ነው ያልኩት።"

"በመጋቢት ስብሰባ ላይ ጠበቃችን ያስረዳው አልገባህም?"

"የቱ ጠበቃ?"

"አንተማ የቄሱን ካፖርት ከወንበር ጋር ስትሰፋ ነበር! ስማኝ ዊልፍ። ሰው ሃያ ዓመት ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይፈቅድለት፣ በግልጽ ከሄደበት መንገዱ የሕዝብ ነው። ከተፈቀደለት ግን እንግዳ ነው። እንግዳን ደግሞ ባለቤቱ 'በቃ ውጣ' ይለዋል። ሰውዬው በጋውን ሁሉ 'ፈቀዱልኝ' የሚል አንድ ሰው ሲፈልግ ነው የከረመው። ማንም አላለውም። አንድም ሰው!"

"እኔ ሰላይ ነው ብዬ ነግሬሻለሁ" አልኩ።

"ነግረኸኛል" አለች ቴልማ። "እግዜር ይይልህ፣ ለአንዴ እውነት ተናግረህ ነበር።"

ሜቪስ የእጅ ፎጣዋን ለሁለት አጠፈች፤ ደግማ ለአራት አጠፈች። አልሰደበችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ኮቨንትሪ ያለው ቤት ሊፍት አለው አሉ" አለች።

በጥቅምት መርማሪዋ መጣች። ጉንፋን የያዛት፣ አፍንጫዋ የቀላ ሴት ናት። የመንደሩ አዳራሽ በእርጥብ ካፖርት ሽታ ታፍኗል። ፊት ለፊት ተርልቢ፤ ከጎኑ ቀጭን ጠበቃው፤ ከጠበቃው ጎን ደግሞ ፐርስሎ፣ ጣሪያውን እያየ። ዘገምተኞች ሲያዩት አዳራሹ በሹክሹክታ ተሞላ።

"ስኮኑን የሰጠን ሰውዬ አይደለም እንዴ?" አለች አንዷ።

"አንቺማ ሁለት ነው የወሰድሽው" አለቻት ሌላዋ።

መንደርተኛው በተራ በተራ መሰከረ፤ ጥሩ መሰከረ። ከዚያ ጠበቃው ተነሳና የኔን ድምፅ አሰማ። በፈቃዴ! በመልካም ፈቃዴ! በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፄ እንዴት ደስተኛ ነበር! ወዲያው ተጠርቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሚስተር ትራንተር፣ ድምፁ የእርስዎ ነው?" አለች መርማሪዋ።

"ድምፁ የኔ ነው እመቤቴ። ነገሩ ግን ውሸት ነው። ሃስኬል ፈቅዶልን አያውቅም።"

ጠበቃው ወደ እኔ ዘንበል አለ። "እህትዎ የሚኖሩት ወፍጮ ቤቱ ነው?"

"አዎ።"

"መንገዱ ከተዘጋ ቤታቸውን ይለቃሉ?"

"አዎ።"

"እንግዲህ በበጋ፣ ማንም ሳያስገድድዎት፣ እየሳቁ የተናገሩት ነገር፣ ዛሬ እህትዎ ፊት ሲቀመጡ ውሸት ሆነ። እንዲያ ነው?"

መርማሪዋ ራሷን በቀስታ በእሺታ ነቀነቀች፤ ለእሱ ነው የነቀነቀችው። ያን ጊዜ ገባኝ። በደስታ የተዋሸ ውሸት ይታመናል፤ በፍርሃት የተነገረ እውነት አይታመንም። ሜቪስን አየኋት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛ፣ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው ተቀምጣለች።

"እሺ" አልኩ። "ተያዝኩ። ሃስኬል ፈቅዷል።"

አዳራሹ አቃሰተ። ሜቪስ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቃው ፈገግ ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ "ቆይ ጌታው" አልኩት። "ለሚስተር ፐርስሎ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። እውነት ከተባለ ሁሉም ይነገር።"

"ይቀጥሉ" አለች መርማሪዋ።

"አንድ አዲስ ዓመት ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ ሃስኬል 'በፈቃዴ' ሲል ቃሉ ጭጋጉ ውስጥ ተሰነቀረ። በማጭድ ቆርጠን አወጣነው። ግማሹ ግን እዚያው ቀረና፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ፈቃዱ ሣሩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ላሞቹ ያን ልሰው ሳይጠይቁ የትም መግባት ጀመሩ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ሚስተር ትራንተር" አለ ጠበቃው፣ "ወደ ዋናው ነገር..."

"ዋናው ነገር ዝይዋ ናት። ሃስኬል ሲታመም ዝይዋን ወከለ። በሩ ላይ ቆማ አንዴ ከጮኸች እለፉ ማለት ነው፤ ሁለቴ ከጮኸች ጫማችሁን ጥረጉ። ለአንድ የለንደን ሰው ሦስቴ ብትጮህበት፣ በድንጋጤ ሲሮጥ ስኮትላንድ ደርሶ እዚያው አገባ።"

"ዝይዋን እንተዋት!"

"እንዴት እንተዋታለን? ሕጋዊ ወኪል ናት እኮ!"

አዳራሹ ፈነዳ። መርማሪዋ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ ያዘች፤ ለጉንፋኑ ይሁን ለሌላ አላውቅም። እኔ ቆሜያለሁ፤ ማንም ቁም ሳይለኝ።

"ሃስኬል ከሞተም በኋላ አልቀረም። ባለፈው አዲስ ዓመት ከነ አፈሩ መጣ። ሚስተር ተርልቢንም ፈቅጄላቸዋለሁ፣ በእግራቸው ከሆነ፣ አለ። ሚስተር ፐርስሎም ነበሩ፤ እጃቸውን ጨብጦ 'ኬክዎን ሰምቻለሁ' አላቸው።"

"እኔ አልነበርኩም!" አለ ፐርስሎ፣ ቀልቶ።

"ነበሩ እንጂ! ቀዝቃዛ እጅ ነው ብለው ያማረሩት እርስዎ አይደሉም?"

"ዝም ይበሉ!" ጠበቃው ጠረጴዛውን መታ። "እመቤቴ፣ ይህ ሰው ከሚናገረው አንድም ቃል ሊታመን አይችልም!"

ሳቁ ተቋረጠ። መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ጠበቃውን ቀና ብላ አየችው።

"በዚህ እስማማለሁ" አለች። "አንድም ቃል። የተቀዳውንም ጨምሮ።"

ጠበቃው ተቀመጠ። መርማሪዋ ስለ እኔ የሚናገር ሰው እንዳለ ጠየቀች። ቴልማ ብድግ አለች።

"ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቀኑ ረቡዕ ነው ቢለኝ ካላንደር አያለሁ።"

ሰው አጨበጨበ። የአንድ ሰው ስም በእንዲህ ያለ ደስታ ሲቀበር አይታችሁ አታውቁም። የማይቆጨኝ እንዳይመስላችሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ በዚያ መስክ ቀድሜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ። እውነተኛው ምስክርነቴም ከዝይዋ ጋር ባንድ ጆንያ ተጣለ።

ከገና በፊት ውሳኔው ወጣ፦ መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ካርታ ላይ ይሳል። ተርልቢ ሰሌዳውን ነቀለ። ፐርስሎ ዳግመኛ አልታየም፤ ዘገምተኞችም እስከ ዛሬ የሚናፍቁት ስኮኑን ነው።

ውሳኔው በወጣ ማግስት ሜቪስን ከመንደር ወደ ቤቷ ሸኘኋት። ውርጭ ነበር፤ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ዳቦዋንና የሻማ ጥቅሏን ይዣለሁ። መስኩ መሀል ስንደርስ ቆመች።

"ዊልፍ።"

"እመት።"

"እውነቱን ንገረኝ። ለራሴ ብቻ ነው። ሃስኬል አንድም ቀን፣ በስህተት እንኳ፣ 'እለፉ' ብሎህ አያውቅም?"

"አንድም ቀን።"

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረችው፤ እንደ ገበያ ዓሣ አገላብጣ።

"ወይ ጉድ" አለች። "አሁን ይሄንን ምኑን አምናለሁ?"

ዳቦዋን ከእጄ ነጥቃ፣ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ማንንም ሳትጠይቅ በመንገዱ ወደ ቤቷ ሄደች።